ማዲያት ላለበት ፊት ሚኒራል ሰንስክሪን ወይስ ኬሚካል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ እንደምትሠሪ፣ ጉንጭሽ ላይ ማዲያት እንደጀመረሽ፣ ፋርማሲ ገብተሽ ሁለት ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) እንዳሳዩሽ ጽፈሻል። አንዱ ሚኒራል ነው፣ ውድ። ሌላው ኬሚካል ነው፣ ረከስ ያለ። ጓደኛሽ ደግሞ «ኬሚካሉ ካንሰር ያመጣል» ብላ አስፈርታሻለች። የቱን ልግዛ ነው ያልሽው። እኔ ሁለቱንም ለዓመታት ተቀብቻለሁ፤ በሁለቱም ተቸግሬያለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ማዲያት ካለብሽ፣ ሚኒራል ነው ኬሚካል ከማለትሽ በፊት የምትጠይቂው ሌላ ነገር አለ። ፊትሽ ላይ የሚውለው ነገር የቆዳ ቀለም አለው ወይ? ለምን እንዳልኩ እመጣበታለሁ።

የኔ ማዲያት የመጣው ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ነው። መጀመሪያ ከላይኛው ከንፈሬ በላይ፣ ከዚያ ሁለቱም ጉንጬ ላይ። ቢሮዬ ለገሃር አካባቢ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ጠረጴዛዬ መስኮት ሥር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ በግራዬ በኩል ይገባል። ከወራት በኋላ የግራ ጉንጬ ከቀኙ ይበልጥ ጠቆረ። «ቤት ውስጥ ነው የምውለው፣ ፀሐይ የት አገኘኝ?» እል ነበር። ለካ ተራ መስታወት የሚያስቀረው በዋናነት ቆዳ የሚያቃጥለውን፣ ዩቪቢ የሚባለውን የፀሐይ ጨረር ነው። ዩቪኤ የሚባለው ጨረር ያልፋል። ቆዳን በማጥቆርና ቶሎ በማስረጀት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ደግሞ እሱ ነው። በዓይናችን የምናየው ብርሃንም እንዲሁ ያልፋል።

ያኔ ይህን አላወቅሁም። የሠራሁትን ስህተት አንቺ እንዳትደግሚው ልንገርሽ። አንድ ሱቅ ውስጥ «ማዲያትን በሳምንት ያጠፋል» ብለው ምንም ጽሑፍ የሌለበት ክሬም በትንሽ ዕቃ ሸጡልኝ። እውነትም በሳምንቱ ፊቴ ፈካ። በሦስተኛው ወር ግን ቆዳዬ ሳሳ። ቀጫጭን የደም ሥሮች መታየት ጀመሩ፣ ብጉር ወረረኝ፣ ፀሐይ ሲነካኝ ይለበልበኝ ነበር። ሳቆመው ማዲያቱ ብሶበት ተመለሰ። በኋላ ያዩኝ የቆዳ ሐኪም ክሬሙ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት ሳይኖርበት እንዳልቀረ ነገሩኝ። ለማዲያት የሚታዘዝ መድኃኒት አለ። ግን በሐኪም ነው፣ በልክ ነው፣ ለተወሰነ ጊዜ ነው። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ነገር ፊትሽን አታስነኪው፣ እባክሽ።

ሐኪሟ መድኃኒት ሲጽፉልኝ «ያለ ሰንስክሪን ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው» አሉኝ። ፍለጋዬ ከዚያ ጀመረ።

መጀመሪያ የገዛሁት ሚኒራል ነው። ሚኒራል የሚባሉት ሁለት ናቸው፦ ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው። እኔ ጠይም ነኝ፤ ስቀባው ፊቴ አመድ የተነፋበት መሰለ። ቢሮ ስገባ «ምነው፣ አሞሻል እንዴ?» ያላለኝ ሰው የለም። ሁለት ቀን ታገስኩ። በሦስተኛው ቀን ነጩ እንዳይታይ መጠኑን ቀነስኩ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቱቦው ላይ የተጻፈው ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 50 የተለካው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። አብዛኛው ሰው ከዚያ በጣም አሳንሶ ነው የሚቀባው። ያኔ ጥበቃውም አብሮ ይወርዳል። እኔ የ50 ከፍዬ የጥቂቱን ነበር የማገኘው።

ከዚያ ወደ ኬሚካሉ ሄድኩ። ሲቀቡት ውሃ ነው። ነጭ የለው፣ ቅባት የለው። ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ግን እስከ ቸርችል ጎዳና ዳገት ነው። ከለገሃር ወደ ፒያሳ በእግሬ ስወጣ አላበኝ። ክሬሙ ከግንባሬ ወርዶ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ዋናው ፖስታ ቤት ጋ ቆሜ እንባዬን ስጠርግ አንዲት እናት «አይዞሽ ልጄ፣ ምን ደረሰብሽ?» ብለው አጽናኑኝ። ከዚያ ወዲህ ዘዴ ይዣለሁ። ዓይኔ ዙሪያና ከቅንድቤ በላይ ሚኒራሉን በስሱ እቀባለሁ፣ የቀረውን ፊቴን ኬሚካሉን። ሚኒራሉ ዓይን ብዙም አይለበልብም።

ስለ አሠራራቸው ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። «ሚኒራሉ እንደ መስታወት ጨረሩን ይመልሳል፣ ኬሚካሉ ወደ ቆዳሽ ይመጠዋል» ሲባል ሰምተሻል መሰለኝ። ሚኒራሉም ቢሆን አብዛኛውን አልትራቫዮሌት (ዩቪ) ጨረር መጥጦ ወደ ትንሽ ሙቀት ነው የሚለውጠው። የሚመልሰው ጥቂቱን ነው። ስለዚህ በአሠራር የሚባለውን ያህል አይራራቁም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ዩቪኤን ሰፋ አድርጎ ይሸፍናል፤ ታይታኒየም ብቻውን በዚያ በኩል ደከም ይላል። ከኬሚካሎቹ አቮቤንዞን ዩቪኤን በደንብ ይከላከላል፣ ግን ብርሃን ላይ ቶሎ ይፈርሳል። እንደ ኦክቶክሪሊን ያለ ደጋፊ አብሮት ሲኖር ነው የሚጸናው። እንደ ቲኖሶርብ ያሉት አዳዲሶቹ ደግሞ ብርሃን ላይ ጸንተው ይቆያሉ።

አሁን ወደ ካንሰሩ ልምጣ፣ ጓደኛሽ ያስፈራችሽ እዚያ ላይ ነውና። ወሬው ያለ ምክንያት አልተነሣም። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2019 እና በ2020 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትሞ ነበር። አንዳንድ የኬሚካል ሰንስክሪን ንጥረ ነገሮች በቆዳ አልፈው ደም ውስጥ እንደሚገኙ፣ መጠናቸውም ተጨማሪ ምርመራ ከሚያስፈልግበት ወሰን እንደሚያልፍ አሳየ። ወሰኑ በሚሊ ሊትር ደም 0.5 ናኖ ግራም ነው። ያው መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው ረቂቅ ደንብ ዚንክና ታይታኒየም ለደኅንነታቸው በቂ መረጃ እንዳላቸው ገለጸ፤ ለ12 ንጥረ ነገሮች ደግሞ ተጨማሪ መረጃ ጠየቀ። በጥናቱ ጊዜም ሰዎች ሰንስክሪን መቀባታቸውን እንዳያቆሙ መክሯል። ደም ውስጥ መገኘትና ጉዳት ማድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኬሚካል ሰንስክሪን ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ያሳየ ማስረጃ የለም። የአሜሪካዋ ግዛት ሃዋይ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉት ኬሚካሎች ያሉባቸውን ሰንስክሪኖች ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሸጡ የከለከለችውም ባሕር ውስጥ ላሉት ኮራሎች ብላ ነው።

እንዲያም ሆኖ ሚኒራልን የምመርጥባቸው ሰዎች አሉ። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ቆዳው በትንሽ ነገር የሚቆጣ ሰው፣ ትንንሽ ልጆች። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ጥላና ልብስ እንጂ ሰንስክሪን አይደለም የሚያስፈልገው። በአልቢኒዝም የተወለደ ልጅ ያላችሁ እናቶች ካላችሁ ደግሞ ለእናንተ ነገሩ የማዲያት ጉዳይ አይደለም። የቆዳ ካንሰር ጉዳይ ነው። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌ ሙሉ ልብስ፣ በየቀኑ ሰንስክሪን። ሚኒራልም ኬሚካልም ይሁን፣ ያገኛችሁትን ቀቡት።

ወደ ቀለሙ ልመለስ። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ማዲያትን የሚያባብሰው ዩቪ ብቻ አይደለም። የሚታየው ብርሃንም፣ በተለይ ሰማያዊው ክፍሉ፣ ያጠቁራል። ቀለም የሌለው ሰንስክሪን፣ ኤስፒኤፍ 50 ቢሆንም፣ ያንን ብርሃን በደንብ አያስቀርም። የሚያስቀረው አይረን ኦክሳይድ ነው። ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር ሆኖ ከክሬሙ ጋር ተደባልቆ ቡናማ የሚያደርገው እሱ ነው። የዕቃውን ጀርባ ስታነቢ 77491፣ 77492፣ 77499 የሚሉ ቁጥሮች ካየሽ አለበት ማለት ነው። 77891 ታይታኒየም ነው፣ 77947 ዚንክ። እኔ ቁጥሮቹን ስልኬ ላይ ጽፌ ነው ፋርማሲ የምገባው።

ይህን ባወቅሁ በዓመቱ ነው ፊቴ መለወጥ የጀመረው። ማዲያቱ ጨርሶ አልጠፋም። ግን ቀለለ፣ ዳሩ ደበዘዘ። ቀለም ያለውን ሚኒራል አገኘሁ፣ አመዱም ቀረ። አንድ ችግር ብቻ አለው፦ ነጠላ ያበላሻል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ አንገትሽ ላይ ሳይደርቅ ነጠላ አትልበሺ።

ቀለም ያለው ካላገኘሽ ወይም ዋጋውን ካልቻልሽው እንዲህ አድርጊ። ያንን ረከስ ያለውን ኬሚካል ግዢ። በደንብ ቀቢና ይድረቅ። ከላዩ ቆዳሽን የሚመስል ፋውንዴሽን ደርቢበት። ፋውንዴሽንን ቡናማ የሚያደርገው ያው አይረን ኦክሳይድ ነው። እኔ ለሁለት ዓመት የኖርኩት በዚህ ነው።

መጠኑን አትስሺ። ለፊትና ለአንገት በጠቋሚና በመሃል ጣትሽ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ሁለት መስመር አውጪ። 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ በቀን አንዴ እንኳ እንዲህ ብትቀቢው ከወር ብዙም አይሻገርም። ስድስት ወር ከቆየ እየቀባሽው አይደለም። ውጭ የምትውዪ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ስውል ቦርሳዬ ውስጥ እይዘዋለሁ፣ ጃንጥላም አይቀርም። ከቫዝሊን ጋር አታደባልቂው፤ ይሳሳል። ቫዝሊን የሚያስፈልግሽ ከሆነ ቀድመሽ ተቀቢ፣ ይምጠጥ፣ ከዚያ ሰንስክሪኑ።

ስለ ቁጥሩም፦ 30 ዩቪቢን 97 ከመቶ ያህል ያስቀራል፣ 50 ደግሞ 98። ከ50 በላይ ላለው ገንዘብሽን አታውጪ። ከቁጥሩ ይልቅ የዩቪኤ ምልክቱን ፈልጊ። አውሮፓ የተሠሩት ላይ UVA የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት በክብ ውስጥ ይጻፋሉ። እስያ የተሠሩት ላይ ፒኤ (PA) ከሚለው ቀጥሎ የመደመር ምልክት አለ፤ አራት ከሆነ ከፍተኛው ነው።

«የአዲስ አበባ ፀሐይ እኮ ለስላሳ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ አያቃጥልም እንላለን። ጨረሩ ግን ሙቀት አይደለም፤ በቀዝቃዛ ቀንም አለ። ክረምት ላይም ስስ ደመና እስከ 80 ከመቶ ሊያሳልፍ ይችላል። ፒያሳ ደግሞ በረንዳ ያላቸው ብዙ አሮጌ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ የምንጠለልበት ጥላ ቀንሷል፤ ይህን በየቀኑ ስመላለስ አያለሁ። ጥላሽ ከቁመትሽ ሲያጥር ጨረሩ በርትቷል ማለት ነው። ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ የምትወጪ ከሆነ ባርኔጣ ያዢ።

ስትገዢ የሚያበቃበትን ቀን እዪ። ሽፋኑ ያልተከፈተ ይሁን። ፀሐይ በሚመታው የመስታወት መደርደሪያ ላይ የከረመውን አትውሰጂ፣ ሙቀት ያበላሸዋል። ስትከፍቺው ውሃና ቅባቱ ከተለያየ ወይም ሽታው ከተለወጠ ጣይው። መሞከሪያ ካላቸው አገጭሽ ጠርዝ ላይ ትንሽ አስቀቢና ወደ በሩ ውጪ። ፋርማሲ ውስጥ ባለው መብራት አትመኚው። ደጅ ላይ፣ በቀኑ ብርሃን፣ በስልክሽ ካሜራ እዪው። አምስት ደቂቃ ጠብቂ። አመድ ከመሰለ ተዪው፣ በየቀኑ አትቀቢውም። ቆዳሽን ከመሰለ ግን ጀርባውን ገልብጪና 77491ን ፈልጊ።