ፎርማቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቴሲስሽን አውጪ

አንዲት የማስተርስ ተማሪ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ላፕቶፔን ስከፍተው አንዳንዴ ‹ኖ ቡት ዲቫይስ› ይለኛል። አጥፍቼ ትንሽ ካሳረፍኩት ይነሳል። ከተነሳም በኋላ በየመሀሉ ስታክ ያደርጋል። ኤስኤስዲውን ያስገባሁት አምና ነው። ባትሪው ስለሞተ ሁሌም ቻርጀር ላይ ሰክቼ ነው የምሠራው። ያሳየሁት ልጅ ፎርማት ይደረግ አለኝ፣ ቴሲሴ ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ፎርማቱ ይቆይ። ፎርማት የሚጠቅመው ዊንዶውስ ሲበላሽ ነው፤ የዊንዶውስ ችግር ቢሆን ኖሮ ደግሞ ስላሳረፍሽው ብቻ አይድንም ነበር። ያንቺ ላፕቶፕ ዲስኩን ራሱን፣ ማለትም ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበትን ኤስኤስዲ ነው የሚያጣው። በዚያ ላይ ኤስኤስዲ ትሪም በሚባል አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ያጸዳዋል፣ በኋላ ሪከቨር ላስደርግ ብትዪ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር የለም።

አሁን ከተነሳልሽ አታጥፊው፣ ሬስታርትም አታድርጊው። መጀመሪያ ቴሲሱን ብቻ ፍላሽ ላይ ገልብጪ፣ ቴሌግራም ላይም ለራስሽ ላኪው። ከዚያ የሰበሰብሽውን ዳታ፣ ከዚያ ፎቶ። ሙሉውን ሲ ድራይቭ ልገልብጥ ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ መሀል ላይ ቀጥ ካለ ዋናው ሳይወጣ ይቀራል። ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻም አታስነሺ፣ የደከመን ዲስክ ለሰዓታት ማስሮጥ ነው። ዊንዶውስ እምቢ ካለ ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚነሳ ነፃ ሲስተም) ባለበት ፍላሽ አስነሥተሽ ፋይሉን ማውጣት ይቻላል። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ካለው ግን ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ ይጠይቅሻል፤ ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንትሽ ውስጥ ይገኛል።

ፋይሉ ወጣ? አሁን እንመርምር። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሰማያዊ ካሳየ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቂ፣ ቀይ ከሆነ አበቃ። ሰማያዊ ነው ብለሽ ግን አትዘናጊ፤ ኮንትሮለሩ (ዲስኩን የሚመራው ቺፕ) የታመመ ኤስኤስዲ እስከ መጨረሻዋ ቀን «ጉድ» እያለ ጉድ ይሠራሻል።

ኤስኤስዲሽ ሳታ በሚባለው ማገናኛ የሚሰካው ባለ 2.5 ኢንች ከሆነ፣ እዚያው ፕሮግራም ላይ ሲ7 የሚለውን መስመር እዪልኝ፤ ዳታ በማገናኛው ሲያልፍ የተፈጠረውን ስህተት የሚቆጥር ነው። ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን ከጨመረ ጥፋተኛው ዲስኩ ሳይሆን ማገናኛው ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ አንዴ ደንበኛዬን አዲስ ኤስኤስዲ ካስገዛሁት በኋላ ነው ጥፋቱ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሪባን ኬብል መሆኗን ያየሁት። ገንዘቡን መለስኩ፣ ምን ላድርግ። ስለዚህ ከመቀየሩ በፊት ይነቀል፣ ወርቃማ ጥርሶቹ በአልኮል ይጠረጉ፣ ደርቆ ይሰካ።

ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ከሆነ ደግሞ «አንሴፍ ሻትዳውንስ» (በአግባቡ ሳይዘጋ ኃይል የተቋረጠበት ብዛት) የሚለውን ተመልከቺ። መብራት በሄደ ቁጥር ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ አብሮ ድርግም ይላል፣ ያ ቁጥርም ይጨምራል። ኤስኤስዲ የትኛው ዳታ የት እንዳለ የሚያውቅበት ካርታ አለው፤ እሱን እየጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ይምታታበታል። ላፕቶፕ ውስጥ የሚገቡት አብዛኞቹ ለዚህ የሚሆን መጠባበቂያ ኃይል የላቸውም። ያንቺንም የጠረጠርኩት እዚህ ላይ ነው። ከናካቴው ከጠፋብሽ ባዮስ ገጽ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ላይ አድርገሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትነኪው ተዪው፣ አንዳንዱ ራሱን አስተካክሎ ይመለሳል። ተመለሰ ማለት ግን ተረፈ ማለት አይደለም፤ ፋይልሽን አውጪና ተይው።

ተጠርጎ ተሰክቶም ከጠፋ ይቀየር። ስትገዢ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፤ ኤም 2 በሚባለው ቀጭን ቅርጽ ሲሠሩ ሳታውና ኤንቪኤምኢው መልካቸው ይመሳሰላል፣ አንዱን የሚቀበል ላፕቶፕ ሌላውን ላይቀበል ይችላል። 2 ቴራ በማይታመን ዋጋ ከተባልሽ እለፊው፣ ፎርጅድ ነው። ባትሪውንም አብረሽ አስቀይሪ፣ ያለዚያ አዲሱም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው። እስከዚያ የክሪስታሉን ስክሪንሾት ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።