«ዘለዓለም» ስንት ዘመን ነው?

ጥያቄ፦ ከብቸና ነው የምጽፈው። በአባቴ ተዝካር ላይ አንድ ዘመዳችን «ኵነኔ ዘለዓለም ማለት ዓለም እስኪያልፍ ነው፤ ዓለም ሲያልፍ ቅጣቱም አብሮ ያልፋል፤ ቃሉ ራሱ ዓለም ይላል» ብለው ተከራከሩ። መሪጌታው አልተቀበሏቸውም። በቋንቋው ልክ ማን ነው? ሐውልቱ ላይስ «ዘላለም» ላስጽፍ ወይስ «ዘለዓለም»?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ዘመድዎን ያሳታቸው አማርኛችን ነው። እኛ «ዓለም» ስንል ምድሩንና ሰዉን፣ አንዳንዴም ደስታውን ነው፤ «ዓለሜን አየሁ» እንላለን። በግእዝ ግን ዓለም ዘመንም ነው፤ የዕብራይስጡ «ዖላም» ወንድም ነው። ጸሎት ስናሳርግ «ለዓለመ ዓለም» የምንለው ለዘመናት ዘመን ለማለት ነው እንጂ ምድርን በምድር ላይ ለመደረብ አይደለም። በዚህ መሪጌታው ልክ ናቸው።

ቃሉ ሲፈታ ዘ፣ ለ፣ ዓለም ነው። «ዘ» የኛ «የ» ናት፤ ዋሸራ ቅኔ የቆጠረ ተማሪ ይህን ወዲያው ይለየዋል። አማርኛ ሦስቱን አንድ ቃል አድርጎ ስለወሰዳቸው ግን ሌላ «የ» ጨምረን «የዘለዓለም ሕይወት» እንላለን፤ «ለዘለዓለም» ስንልም «ለ»ን ሁለት ጊዜ እንጠራለን። ስሕተት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም። ቃሉ ከገባ በኋላ የአማርኛ ነው።

ይሁንና ዘመድዎ ሳያስቡት የነኩት ነገር አለ። ቃሉ ብቻውን ሲቆም ልክ የለውም፤ ልኩን የሚያገኘው ከተነገረለት ነገር ነው። ገበሬው «ዘላለሜን ሳርስ ኖርሁ» ሲል ዕድሜውን ሁሉ ማለቱ ነው። በዘጸአት 21፥6 ጆሮው የተበሳው ባሪያ ጌታውን «ለዘላለም» ያገለግላል፤ እስኪሞት ድረስ መሆኑ ነው። ዮናስ እንኳ «ለዘላለም ተዘጋሁ» ያለው በዓሣው ሆድ 3 ቀን ሆኖ ነው።

ታዲያ ማቴዎስ 25፥46 ላይ «ኵነኔ ዘለዓለም» እና «ሕይወት ዘለዓለም» በአንድ ዐረፍተ ነገር ጎን ለጎን ቆመዋል። ግሪኩም ለሁለቱ «አዮኒዮስ» የሚል አንድ ቃል ነው ያለው። የላቲኑ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ዘመን፣ ቅጣቱ ያልፋል ለሚሉት የመለሰው ይህን ይዞ ነው፦ ቅጣቱን ካሳጠራችሁ ሕይወቱንም ማሳጠራችሁ ነው። ለእኔ ከባዱ ማስረጃ ይኸው ነው፤ ማንም አንባቢ ሊዘለው አይገባም።

የሚቀረው «ኵነኔ» ነው። ግሡ «ኮነነ» ፈረደ፣ ቀጣ፣ ገዛም ይሆናል። የኦርቶዶክስ መምህራን ሥቃዩ ማብቂያ የለውም ብለው ያስተምራሉ፤ አድቬንቲስቶች ደግሞ ኃጥአን ይጠፋሉ፣ ዘለዓለማዊው የጥፋቱ ውጤት ነው ይላሉ። ሁለቱም «ዘለዓለም»ን አላሳጠሩም፤ የተለያዩት ቅጣቱ ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው። እዚህ ላይ ሰዋስው ሥራውን ጨርሷል፤ የሚቀጥለው የመምህራን ነው።

ስለ ጽሕፈቱ፦ በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ «ዘላለም» ይላል፤ ነውር የለበትም። ለሐውልት ግን ሥሩን የሚያሳየውን «ዘለዓለም»ን እመርጣለሁ፤ በዓይኑ «ዓ» እንጂ በ«አ» አይሁን። ለጠራቢው በቃል አይንገሩት፤ በወረቀት ጽፈው ይስጡት።