መልስ፦ ሲዲ69 ከፍ ብሎ ኢሲኤአር ለምን አልጨመረም?

የጎደለው ሲዲ28 ነው፤ ይህም ቲ ሴል ላይ ያለ፣ ሁለተኛ ቀስቃሽ ምልክት የሚቀበል ተቀባይ ነው። በጥያቄዎ አጥርተው ያወጧቸውን የሰው ሲዲ4 ሴሎች (አንድ የቲ ሴል ዓይነት) በፀረ ሲዲ3 (የቲ ሴል ተቀባዩን በሚቀሰቅስ አንቲቦዲ) ብቻ 24 ሰዓት ቀስቅሰው ሲዲ69 (ሴሉ መነሳቱን የሚያሳይ ምልክት) ወጣ፣ ሲሆርስ (የሴል ሜታቦሊዝም መለኪያ መሣሪያ) ላይ ግን ኢሲኤአር (ሴሎቹ ፈሳሹን አሲዳማ የሚያደርጉበት ፍጥነት፣ የግላይኮሊሲስ ጠቋሚ) ንቅንቅ አላለም ብለዋል። ሲዲ69 ከቲ ሴል ተቀባዩ በሚመጣ ደካማ ምልክት እንኳ ይወጣል። ግሉኮስ በብዛት ለመሳብና ግላይኮሊሲስን (የግሉኮስን መሰባበር) ለማፋጠን ግን ፒአይ3ኬ እና ኤኬቲ የሚባሉት ምልክት አስተላላፊ ኢንዛይሞች በደንብ መነሳት አለባቸው፤ ለዚህ ዋናው አጋዥ ሲዲ28 ነው። ሴሎቹ ከሞኖሳይት (ሌላ የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ጋር ተደባልቀው ቢሆን ኖሮ የሲዲ28ን ምልክት ከእነሱ ያገኙት ነበር።

እንዲህ ይድገሙት፦

1. ሳህኑን በኦኬቲ3 (ፀረ ሲዲ3 አንቲቦዲ)፣ በሚሊ ሊትር 2 ማይክሮግራም፣ በ4 ዲግሪ አሳድረው ይጠቡት።
2. ሴሎቹን ሲያስገቡ ፀረ ሲዲ28 በሚሊ ሊትር 1 ማይክሮግራም ይጨምሩ።
3. በመለኪያው ዕለት በፖሊ ላይሲን በተለበጠ ባለ 96 ሳህን ላይ በየጉድጓዱ 200 ሺህ ያህል ሕያው ሴል ያድርጉና ያለ ፍሬን በ200 ጂ 1 ደቂቃ ያሽከርክሩ። ቲ ሴል በራሱ አይጣበቅም፤ ከተንሳፈፈ ንባቡ ይዘበራረቃል።

ሬጉላቶሪ ቲ ሴሎችን (የመከላከያ ምላሽን የሚገቱትን) ለይተው ከለኩ ይህን ያህል ጭማሪ አይጠብቁ። እነሱ ይበልጥ የሚደገፉት በሚቶኮንድሪያ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ውጤቱን በ2-ኤንቢዲጂ (ግሉኮስን የሚመስል አንጸባራቂ ቀለም) ላረጋግጥ እንዳይሉ። ይህ ቀለም የግሉኮስ አጓጓዥ ሳያስፈልገውም ቲ ሴል ውስጥ ስለሚገባ ያታልላል። ከዚያ ይልቅ ሴሎቹ ያደጉበት ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ላክቴት (ከግላይኮሊሲስ የሚወጣውን ውጤት) ይለኩ፤ ርካሽም ነው።