ማሲንቆው ጆሮ በሳ፣ ዘፈኑ አነሰ፦ ማስተሪንግ ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከመሃል ሜዳ ነው። ከማሲንቆ ተጫዋች ጓደኛዬ ጋር ደብረ ብርሃን ወርደን አንድ ዘፈን አስቀርጸን ሚክስ አስደረግን። ስቱዲዮ ውስጥ ስንሰማው ደስ ይል ነበር። ባጃጅ ውስጥ በፍላሽ ስንከፍተው ግን ከሌሎቹ ዘፈኖች አንሶ ተሰማ። ማሲንቆው ደግሞ ጆሮ ይበሳል። ቀራጩ «ማስተሪንግ ስላልተሠራ ነው፣ ብር ጨምሩና ልሥራው» አለን። ማስተሪንግ ማለት ማስጮህ ነው? ወይስ ብራችንን ሊበላ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰውየውን በአንዴ ሌባ አናድርገው። ማስተሪንግ እውነተኛ ሥራ ነው፣ ያስከፍላልም። ግን ካነሳሃቸው ሁለት ችግሮች እሱ የሚፈታው አንዱን ነው። የድምፁ ማነስ የማስተሪንግ ጉዳይ ነው። የማሲንቆው ጆሮ መብሳት ግን የሚክስ ነው።

ሚክስ ሲሠራ ማሲንቆው፣ ከበሮው፣ ያንተ ድምፅ፣ ተቀባዮቹ፣ ሁሉም በየትራኩ ለብቻው አለ። ማሲንቆውን ብቻ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ማስተሪንግ የሚጀምረው ሁሉም ተቀላቅሎ ግራና ቀኝ ሁለት ቻናል ከሆነ በኋላ ነው። ማሲንቆ ጆሮ የሚበሳው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ዘፋኝ የሚለው ቃል ጥርት ብሎ የሚሰማውም እዚያው ሰፈር ነው። ማስተር የሚሠራው ሰው ያንን ከቀነሰልህ ግጥምህም አብሮ ይደበዝዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሚክሱ ይስተካከል።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትለኝ፣ ክፍሉን ሳላየው እጠረጥራለሁ። እኛ አገር ብርዱም ስላለ ይሁን ስለሚቀርብ፣ ግድግዳው ላይ የመንዝ ባና የሰቀለ ስቱዲዮ አይጠፋም። ባና ቀጭኑን ድምፅ ይመጥጣል፣ ወፍራሙን ግን ብዙም አይነካውም። እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ቀጭኑ የጎደለ፣ ቤዙ የበዛ ይመስለዋል። ቀጭኑን ይጨምራል፣ ቤዙን ይቀንሳል። ዘፈኑ ከክፍሉ ሲወጣ የሳሳና ጆሮ የሚበሳ ይሆናል። በዚያ ላይ ማይኩ ለደጋኑ ተጠግቶ ከነበረ፣ ጭራ በጭራ ሲፋተግ የሚወጣው ድምፅ ከዜማው በልጦ ይገባል። ለዚህ ነው ማስተሪንግን ሌላ ሰው፣ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ስፒከር ቢሠራው የምመርጠው። ያው ጆሮ በያው ክፍል የሳተውን እዚያው ቁጭ ብሎ አያገኘውም።

ታዲያ ማስተር የሚሠራው ሰው ምን ያደርጋል? አብዛኛውን ጊዜ ያዳምጣል። ኢኪው፣ ማለትም ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን፣ ይነካል፣ ግን በግማሽ ወይም በአንድ ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው። አምስትና ስድስት ዴሲቤል መቀነስ ካስፈለገው ሚክሱን ሊመልስልህ ይገባል። ኮምፕሬሰር፣ ማለትም ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ መሣሪያ፣ ሊጠቀም ይችላል፣ ላይጠቀምም ይችላል። ከዚያ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ጨምቆ በሞኖ ይሰማል። በአንድ ስፒከር የሚያጫውት ስልክና ባጃጅ ብዙ ነው። በኢፌክት ግራና ቀኝ የተዘረጋ ድምፅ ደግሞ በሞኖ ሲሰማ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። የተቀባዮች ድምፅ እንዲህ ሲጠፋ ሰምቻለሁ። አልበም ከሆነ ዘፈኖቹን እርስ በርስ ያመጣጥናል፣ በመሃላቸው የሚኖረውን ዝምታም ይለካል።

መጨረሻ ላይ ሊሚተር ይመጣል። አንተ ማስጮህ ያልከው እሱን ነው። ሊሚተር ድንገት የሚዘሉትን ድምፆች እንደ ጣሪያ ሆኖ ይይዛቸዋል፣ የቀረው ከፍ እንዲል ቦታ ያገኛል። ሲበዛ ግን መጀመሪያ የሚሞተው ከበሮው ነው። ምቱ ይለጠፋል። ያለ ከበሮ ምት ደግሞ ማን እስክስታ ይወርዳል?

የጩኸት መለኪያው ሉፍስ ይባላል፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ዘፈኑ ይጮኻል። ዩቲዩብና ስፖቲፋይ -14 ሉፍስ አካባቢን መነሻ ያደርጋሉ፣ አፕል ሙዚቃ -16ን። ከዚያ በላይ ያስጮህከውን ዩቲዩብ ራሱ ይቀንሰዋል። ያነሰውን ግን አይጨምርልህም። ይህን የሰሙ ልጆች «-14 ላይ አቁምልኝ» ይሉኛል። እኔ አልስማማም። የእናንተ ዘፈን የሚዞረው በፍላሽ፣ በቴሌግራምና በሚኒባስ ነው፣ እዚያ የሚያመጣጥን የለም። ለእንዲህ ዓይነት ዘፈን -10 ወይም -11 ድረስ እሄዳለሁ፣ ከበሮው እስካልተነካ። የመጨረሻውን ጫፍ -1 ዴሲቤል ላይ አቆማለሁ። ፋይሉ ወደ ኤምፒስሪ ሲቀየር ጫፉ ከፍ ሊልና ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሚክሱ ሲስተካከል ቀራጩን ዋቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል)፣ 24 ቢት ጠይቀው። ሁሉም ትራክ የሚቀላቀልበት የመጨረሻ ቻናል ላይ የጫነው ሊሚተር ካለ ያንሳው። ከጫፉ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ክፍት ቦታ ይተው። በ48 ኪሎኸርዝ (እዚህ ላይ በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና ማለት ነው) የተቀረጸ የ5 ደቂቃ ዘፈን ወደ 86 ሜጋባይት ይሆናል። በቴሌግራም ስትልከው እንደ ፋይል ይሁን። 8 ሜጋባይት የሆነ ነገር ከላከልህ ኤምፒስሪ ነው፣ አትቀበለው። ድምፅህ አንድ ዴሲቤል ከፍ ያለበት ሁለተኛ ሚክስም አሠራ። «ዘፋኙ ተደበቀ» የሚለው ክርክር በዚያ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ በራሱ ማስተር የሚያደርግ ፕሮግራም አለ። ይበቃል? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ለናሙና ይበቃል። እንደ ላንደር ያሉት ከ2014 ጀምሮ አሉ፣ ተሻሽለዋልም። ግን ደውለው «ማሲንቆህ በዝቷል፣ ሚክሱን መልስ» አይሉህም። ያመጣህለትን ያስጮህልሃል፣ በቃ።

ጥያቄ፦ አባቴ በእህቴ ሠርግ የፎከሩበት ካሴት አለኝ። ሹክሹክታው፣ ካሴቱ ራሱ ሽሽ የሚለው፣ ብዙ ነው። በማስተሪንግ ይጠፋል? (ከአንኮበር)

መልስ፦ እመቤቴ፣ መጀመሪያ የሚወስነው ማጫወቻው ነው። የሚቀዳልዎ ሰው የማጫወቻውን ሄድ፣ ቴፑን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል ያጽዳ። ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን እያዞረ ቀጭኑ ድምፅ በጣም ጥርት የሚልበት ላይ ያቁም። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ለውጧ ግን ከማንኛውም ፕሮግራም ይበልጣል። ከዚያ በ24 ቢት ዋቭ ይቅዳው። ያንን ቅጂ ማንም አይንካው፣ ማጽዳቱ በሌላ ኮፒ ላይ ይሁን። ሹክሹክታውን ሙሉ በሙሉ አስወጣለሁ ካለዎት እምቢ ይበሉ። የአባትዎ ትንፋሽና «ሰ» እና «ሸ» የሚሉበት ድምፅ እዚያው ውስጥ ነው ያለው፣ አብሮ ይሄዳል። ካሴቱ ሲዞር የሚንጫጫ ወይም የሚጣበቅ ከሆነ ደግሞ ደጋግመው አያጫውቱት። እንዳለ ይዘው ይምጡ።