ጥያቄና መልስ፦ በ«ጌም ኦፍ ላይፍ» ውስጥ ስለሚደጋገሙ ቅርጾች

መላሽ፦ ሕጉን ታውቁታላችሁ፤ ለአዲሶች ግን ልድገመው። ሰሌዳው በካሬ ሴሎች የተከፈለ ነው፤ ጎረቤት የምንላቸው በሴሉ ዙሪያ ያሉትን 8 ሴሎች ነው፣ እያንዳንዱን እርምጃ ደግሞ «ትውልድ» እንለዋለን። ሕያው ሴል 2 ወይም 3 ሕያው ጎረቤት ካለው ይቆያል፣ አለዚያ ይሞታል። የሞተ ሴል በትክክል 3 ሲኖሩት ይወለዳል። ስትጠይቁ የሰሌዳችሁን ስፋት ጻፉ።

ጀማሪው፦ የኔ ቅርጽ ለምን አይደጋገምም?

መላሽ፦ የትኛው ቅርጽ? በስንት በስንት ሰሌዳ?

ሰማያዊ፦ 10 ሴል በአንድ መስመር ደረደርኩ። ፔንታዴካትሎን ሆኖ በየ15 ትውልዱ ይመለሳል ብለው ነበር፤ የኔ ተበላሸ። ሰሌዳዬ 12 በ12 ነው።

መላሽ፦ ጠቦሃል። ሲዘረጋ ከ12 ያልፋል፣ ጠርዙ ያበላሸዋል። ሰሌዳውን አስፋ።

ኮደሩ፦ ጋሼ፣ ለማንኛውም የትውልድ ቁጥር ኦሲሌተር፣ ማለትም በዚያ ቁጥር ወደ መነሻው የሚመለስ ቅርጽ፣ አለ?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! አለ። ጨዋታው የታወቀው በ1970 ነው፣ ዝርዝሩ የሞላው ግን በ2023። ትልቁ እርምጃ የማይክ ፕሌይል «ስናርክ» የሚባለው ቅርጽ ነው፣ 2013። ግላይደር፣ ማለትም በሰያፍ የሚጓዝ ትንሽ ቅርጽ፣ ሲመታው 90 ዲግሪ ያዞረዋል፤ ከዚያ ራሱን ጠግኖ በ43 ትውልድ ውስጥ ለሚቀጥለው ይዘጋጃል። አራት ስናርክ በአራት ማዕዘን አስቀምጡ፣ ግላይደሮቹ ይዞራሉ። ርቀቱንና የግላይደሮቹን ብዛት እያስተካከላችሁ ከ43 ጀምሮ የፈለጋችሁትን ታገኛላችሁ። ከዚያ በታች ያሉት ግን በዚህ መንገድ አይገኙም፣ አንድ በአንድ መታደን ነበረባቸው። መጨረሻ የቀሩት 19 እና 41 ነበሩ። እኔ ከዚህ የሚያምር ነገር አላውቅም።

ሰማያዊ፦ ለምን ይህን ያህል ተደከመ? በ2 ትውልድ የሚመለሰውን ብሊንከርና በ3 የሚመለሰውን ፐልሳር ጎን ለጎን ብናደርግ 6 ይወጣል።

ኮደሩ፦ 19 እና 41 እኮ ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ናቸው። ከምን ከምን ልታጣምር?

ሰማያዊ፦ ለ6ቱ ግን ይሠራል።

መላሽ፦ ለ6ም አይቆጠርም። ቢያንስ አንድ ሴል ራሱ በ6 መመላለስ አለበት። ያንተ ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይነካም።

ጀማሪው፦ የኔ አሁንም አይደጋገምም።

መላሽ፦ ቅርጹን ላክ። የሰሌዳውንም ስፋት። ሦስተኛ ጊዜ አልጠይቅም።

ኮደሩ፦ የጎስፐር ጠመንጃስ ኦሲሌተር ነው? በ30 ይመለሳል።

ሰማያዊ፦ አይደለም፣ ግላይደር እየተፋ ሰሌዳውን ይሞላል።

ኮደሩ፦ ጠመንጃው ራሱ ግን ይመለሳል!

መላሽ፦ መተኮሻው ይመለሳል፣ ጠቅላላው ቅርጽ ግን እያደገ ይሄዳል። ስለዚህ አይደለም። በግላይደሩ መንገድ ላይ «በላተኛ» የሚባለውን ቅርጽ ብታስቀምጡ ግን የሚመጣውን ሁሉ ይውጣል፣ ያኔ በ30 የሚመላለስ እውነተኛ ኦሲሌተር ይሆናል። ሞክሩት፤ በሰፊ ሰሌዳ።