ፎቶው የተነሣበት ጣቢያ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሚኒሶታ ነው። አያቴ የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እናቴ የተወለደችው በ1950ዎቹ ውስጥ ከመስመሩ ትንንሽ ጣቢያዎች በአንዱ ነው። ስድስት ዓመት ሲሆናት ቤተሰቡ ወደ ድሬዳዋ ስለተዛወረ የጣቢያውን ስም አታስታውስም፤ የሚያስታውሱትም አልፈዋል። የቀረን አንድ ፎቶግራፍ ነው። አያቴ ከአንድ የድንጋይ ምልክት ፊት ቆመዋል፤ ምልክቱ ላይ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያው 4 ነው፣ ሁለቱን ግን እግራቸው ሸፍኗቸዋል። እናቴ በባቡር የሚመጣ ብርቱካን፣ በጥር ወር እየዘመሩ የሚያልፉ ነጭ የለበሱ መንገደኞች፣ ከጣቢያው ወዲያ ደግሞ ብቻውን የቆመ ተራራ ትዝ ይላታል። መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ድሬዳዋ ስገባ ነው ትላለች። ጣቢያው የትኛው ይመስልዎታል? ሄደን ልናየው አስበናል፤ ምን እናገኛለን?
ሰ. ከሚኒሶታ

መልስ፦ ልጄ፣ አያትሽ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቢነሡ ኖሮ በአንድ መስመር መልሼልሽ ሻይዬን እጠጣ ነበር። ደግነቱ ያችው አንዲት 4 ብዙ ትናገራለች።

በዚያ መስመር ኪሎ ሜትር የሚቆጠረው ከጅቡቲ ነው፤ ሥራው የተጀመረው ከዚያ ነውና። አጼ ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር፤ ቁፋሮው በ1890 ተጀመረ፣ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ በ784ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የመስመሩ ጭራ እንጂ ራስ አይደለችም፤ ይህን ስናገር የሚቀየመኝ አዲስ አበቤ አላጣም። ድሬዳዋ 310 ገደማ ላይ ናት። እንግዲህ 4 መቶ ብሎ የሚጀምር ምልክት ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ርቆ፣ አዋሽ ሳይደርስ ያለ ነው። ጅቡቲ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽኒሌ በሙሉ ወደቁ ማለት ነው።

ከድሬዳዋ ተነሥተሽ ሽቅብ ስትሄጂ ጣቢያዎቹ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ ቢኬ፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ ሜኤሶ፣ አሰቦት እያሉ ይቀጥላሉ። በዚህ መስመር ሃያ ዓመት ትኬት ስቆጣጠር ኖሬአለሁና ዛሬም ቢሆን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የምቆጥረው በግ ሳይሆን እነዚህን ነው።

አሁን ብርቱካኑን እንመልከት። ኤረር የፍል ውኃና የብርቱካን አገር ነው። ባቡሩ እዚያ ሲቆም ሴቶቹና ልጆቹ ቅርጫታቸውን እስከ መስኮቱ ያነሡ ነበር፤ አንዳንዶቹም ፉርጎው ላይ ተሳፍረው በየጣቢያው እየቸረቸሩ ይሄዱ ነበር። እናትሽ ኤረር ብትወለድ ብርቱካን ከዛፍ የሚወርድ ነገር ሆኖ ይታወሳት ነበር። ለእርሷ ግን ብርቱካን ከባቡር የሚወርድ ነገር ነው። ስለዚህ ቤታቸው ከኤረር በላይ ነበር።

ነጭ ለባሾቹ ደግሞ ለአሰቦት ሥላሴ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ናቸው፤ በዓሉ ጥር 7 ነው። ከድሬዳዋ ሲሳፈሩ ጀምረው ይዘምራሉ፣ ከበሮውም አብሮ ይሳፈራል። የዚያን ሰሞን ትኬት መጠየቅ ፈተና ነበር፤ እኔ እጄን ስዘረጋ እነርሱ «እልል በል እንጂ ልጄ!» ይሉኛል። ልብ በዪ፣ እናትሽ የምታስታውሰው ሲያልፉ እንጂ ሲወርዱ አይደለም። አሰቦት ጣቢያ ብትሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ በረንዳቸው ላይ ሲያድር ታይ ነበር። ስለዚህ ከአሰቦት በታች ነበሩ።

ሜኤሶም አይሆንም። በሜኤሶ አውራ ጎዳናው ያልፋል፤ በዚያ ያደገ ልጅ በስድስት ዓመቱ የጭነት መኪና ዓይነት ለይቶ ያውቃል። መኪና ያላየች ልጅ ያደገችው ከሐዲዱ በስተቀር ሌላ መንገድ በሌለበት ሜዳ ላይ ነው። ጎታ፣ ቢኬ፣ አፍደምና ሙሉ ቀሩ። ብቻውን የቆመው ተራራ ይለያቸዋል። ከአፍደም በስተደቡብ የከተማይቱን ስም የያዘ ተራራ አለ፤ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፣ ከባቡሩ መስኮት ሲታይ ከጎረቤቶቹ ጋር ተጣልቶ ለብቻው የቆመ ይመስላል። የእኔ ፍርድ እንግዲህ አፍደም ነው። ለእናትሽ ስሙን ዝም ብለሽ ንገሪያትና ፊቷን እዪ።

ምን ታገኛላችሁ ላልሽው፣ በመጀመሪያ ምን እንደማትጠብቁ ልንገርሽ። እንደ አዲስ አበባው ለገሃር ያለ ሕንፃ አትጠብቁ። እርሱ በ1922 የተመረቀ፣ ፊቱ የአንበሳ ሐውልት የቆመለት የከተማ ጌጥ ነው። የበረሃ ጣቢያ ግን አንድ ሁለት ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣ አንድ ደወልና አንድ ስልክ ነበር። ከዚያም ላይ በ1969 እና በ1970 ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ድልድዮቹ በፈንጂ ሲፈርሱ መስመሩ ብዙ ተጎድቷል። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው የድሮ ባቡር ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። ባለቤት የሌለው ጣራ በዚያ ንፋስ ስንት ክረምት እንደሚችል አንቺው ገምቺ።

ስለዚህ ግድግዳ ከመፈለጋችሁ በፊት ውኃና ዛፍ ፈልጉ። የናፍጣ ባቡር ከመምጣቱ በፊት በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር እንደ ግመል ውኃ እየጠጣ ነበር የሚጓዘው፤ ጣቢያ የሚተከለውም ውኃ በሚገኝበት ወይም ውኃ በሚደርስበት ነበር። ከፍ ብሎ የቆመ የብረት ጋን ወይም የድንጋይ እግሩ ካጋጠማችሁ ባቡር የቆመው እዚያ ነው። በሜዳው መካከል በመስመር የተተከሉ ያረጁ ጥላ ዛፎች ካያችሁ ደግሞ የሠራተኛው ቤት ከሥራቸው ነበር፤ በረሃ በራሱ ጊዜ ዛፍ በሰልፍ አያበቅልም።

ቀጥሎ አጥሮችን እዪ። የዚያ መስመር ሐዲድ የሚቀመጠው በእንጨት ላይ ሳይሆን ጎድጎድ ባሉ አግዳሚ ብረቶች ላይ ነበር፤ ምስጥ እንጨት አያስተርፍምና። አሁን እነዚያ ብረቶች የበር ጉበን፣ የበረት ማገር፣ የቦይ መሻገሪያ ሆነዋል። ትምህርት ቤት ካገኛችሁ ደግሞ ደወሉን ተመልከቱ፦ በሽቦ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ ከሆነ ዘበኛውን አስፈቅደሽ እናትሽ አንድ ጊዜ ትምታው። አባቷ ሲቆሙበት የኖሩት ብረት ነው።

አዲሱ ባቡርም በዚያው ሜዳ ያልፋል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ሐዲዱ ወርዱ አንድ ሜትር ከነበረው ከድሮው የሚሰፋ፣ መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ፈጣን ነው፣ አልወቅሰውም። ጣቢያዎቹ ግን ከከተሞቹ ውጪ ናቸው፤ የድሬዳዋው ራሱ የድሮው ጣቢያ ካለበት ከከዚራ ሰፈር ሩቅ ስለሆነ የምትወርጂው ከተማዋ ሳትታይሽ ነው። ባለ ሰፊ ሐዲዱ ባቡር ጠበብ ያለ ኩርባ አይወድም፣ ከተማ መካከል ቤት አፍርሶ መግባትም ውድ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሆኖም ለድሬዳዋ ይህ ግፍ ነው፣ ከተማይቱን የወለዳት ባቡር ነውና። መስመሩ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ዳገቱ ስላስቸገረ ከሥር ቀረ፤ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚያ ምክንያት ነው። እናትሽ መጀመሪያ መኪና ያየችበትን የድሮውን ጣቢያና ሰፊውን ጋራዥ ሳታዩ አትመለሱ፤ እነርሱ ቆመዋል። የአዋሹም ጣቢያ ከነቡፌው ቆሟል። ድሮ ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ነበር አዲስ አበባ የሚገባው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ስትነሡ ከአያትሽ የተሻለ ጥንቃቄ አድርጉ፤ የድንጋይ ምልክት ካገኛችሁ ከጎኑ ቁሙ እንጂ ከፊቱ አትቁሙ። ቁጥሩን ላኪልኝ።

ጥያቄ፦ የምኖረው መተሐራ ነው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ የድሮው ባቡር በሐይቅ ላይ ይሄድ ነበር ይላሉ። ልጆቼ ሳቁባቸው። እውነት ነው ወይስ ተረት?
የመተሐራ አንባቢ

መልስ፦ ልጆችዎ ይቅርታ ይጠይቁ። ሐዲዱ ሲዘረጋ በሰቃ ሐይቅ ትንሽ ኩሬ ነገር ነበር፤ በ1950 ዓ.ም. ገደማ እንኳን ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለማቋረጥ ሰፍቶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አልፏል። ብዙዎቹ ባለሙያዎች በዙሪያው ካለው የመስኖ እርሻ የሚሰርገውን ውኃና ከሥር የሚመጣውን የከርሰ ምድር ውኃ ያነሣሉ። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻም ለመጠጥም አይሆንም፤ መሬት ከመዋጥ በቀር ሥራ የለውም። ሐይቁ በቀረበ ቁጥር መኪናውም ባቡሩም መንገዳቸው በድንጋይ ሲደለደልና ከፍ ሲደረግ ኖሯል።

በኋለኞቹ ዓመታት በዚያ ስናልፍ በግራም በቀኝም መስኮት የሚታየው ውኃ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የተሳፈሩ፣ ባሕር አይተው የማያውቁ እናት ከእንቅልፋቸው ነቅተው ግራና ቀኝ አዩና አማተቡ። ከዚያም እጄን ይዘው «ጅቡቲ ደረስን እንዴ? አንተ፣ ድሬዳዋ አውርደኝ ብዬህ አልነበረም?» አሉኝ።