በአባትሽ ዜኒት ኮከብ ይነሳል፣ ፍኖተ ሐሊብን ግን ለጊዜው ተይው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ነው ያየሁት። የአባትሽን የፊልም ካሜራ፣ ዜኒት-ኢ፣ ከቁም ሳጥን አውጥተሻል፤ አክስትሽ ከአሜሪካ 3 ጥቅል ኤችፒ5 (ጥቁርና ነጭ ፊልም) ልካልሻለች፤ ለገና ደብረ ብርሃን ስትሄጂ በስልክ እንደሚነሳው ያለ ፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ) በፊልም ይወጣል ወይ፣ የትስ ይታጠባል ነው ያልሽው። ከላይ አስተያየት ላይ «ሽጪውና ዲጂታል ግዢ» ያሉሽን አትስሚያቸው።

ካሜራው ይሠራል። እንዲያውም ባትሪ የማይፈልግ መሆኑ ለደብረ ብርሃን ብርድ ተስማሚ ነው። ፍኖተ ሐሊብ ግን በዚህ ጉዞ አይሆንም። ፎቶ ላይ የምታዪው ደማቁ መሃሉ በገና ሰሞን ፀሐይ ባለችበት በኩል ነው፣ ከእሷ ጋር ወጥቶ ከእሷ ጋር ይጠልቃል። የካቲት ላይ ሊነጋጋ ሲል ታገኚዋለሽ። ያኔም ቢሆን ፊልሙ ራሱ ያስቸግርሻል።

ፊልም ጨለማ ላይ ይደክማል። ብርሃኑ ጠብ ጠብ እያለ ሲመጣበት የመቀበል አቅሙ እየወረደ ይሄዳል፤ ሪሲፕሮሲቲ ፌለር የሚሉት ይሄንን ነው። በስሌት 10 ሰከንድ የሚበቃው ነገር በኤችፒ5 ላይ 20 ይፈልጋል። 1 ደቂቃ የሚበቃው ደግሞ ሦስት ደቂቃ ተኩል። ኮከቡ እስከዚያ ቆሞ አይጠብቅሽም፣ በሰዓት 15 ዲግሪ ይጓዛል (የምንዞረው እኛ ብንሆንም)። ዜኒትሽ ላይ ያለው ሌንስ ሄሊዮስ 58 ሚሊ ከሆነ፣ ከ8 ሰከንድ በላይ ከከፈትሽው ነጥቡ ሰረዝ መሆን ይጀምራል፤ በ8 ሰከንድ ደግሞ ፊልሙ የሚይዝልሽ ደማቆቹን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰረዙን ራሱን አንሺ። ፊልም በዚህ ዲጂታልን ያስንቃል ባይ ነኝ። አንዴ ከፍተሽ ትተሽው ሻይሽን ትጠጫለሽ፣ መቶ ፎቶ በኮምፒውተር መደራረብ የለም።

ጨረቃ የሌለበት ሌሊት ምረጪ። ፍጥነቱን «ቢ» ላይ አድርጊ፣ ቁልፉን እስከተጫንሽው ድረስ ክፍት ይቆያል፤ ዜኒት-ኢ ከ1/30 ሰከንድ ቀጥሎ ያለው እሱ ብቻ ነው። በብሎን የሚቆለፍ ኬብል ሪሊዝ (ቁልፉን ተጭኖ የሚይዝ ገመድ) ግዢ፣ በጣትሽ 30 ደቂቃ ይዘሽ አትዘልቂውም። ሌንሱን ኤፍ 4 ላይ አድርጊ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው)። ኤፍ 2 ላይ ጥግ ጥግ ያሉት ኮከቦች ክንፍ አውጥተው ወፍ ይመስላሉ። የሌንሱ ክዳን እንዳለ ሻተሩን (የካሜራውን መጋረጃ) ክፈቺ፣ ንዝረቱ ሲያልፍ ክዳኑን በቀስታ አንሺ። ከከተማው መብራት ከራቅሽ 30 ደቂቃ ጥሩ ነው፤ አዲስ አበባ ዳር ሆነሽ ብትሞክሪ ግን ሰማዩ ቶሎ ስለሚነጣብሽ ከ10 ደቂቃ አትለፊ። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፊ፣ ሰዓቱንም ጭምር። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥቅሎች ሳልጽፍ አንስቼ የትኛው 10 ደቂቃ፣ የትኛው 40 እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወደ ሰሜን ካዞርሽ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው ያለው፣ በጣም ዝቅ ብሎ። ፈረንጆቹ አገር ሰማይ መሃል አካባቢ ነው የሚያገኙት፤ እኛ ግን ከባሕር ዛፍ ጫፍ በላይ አስቀምጠን ሁሉም ሲዞረው ማንሳት እንችላለን። ከምሽቱ አራት ሰዓት ግድም ደግሞ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ አናትሽ ላይ ነው፣ ሰረዞቹ ቀጥ ያሉ ይሆናሉ። 30 ደቂቃ ብትከፍቺ ርዝመታቸው ከፍሬሙ ሩብ አይሞላም።

ውርጩን አትርሺ። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ለገና አገር ቤት ስመጣ እዚያው ደብረ ብርሃን አካባቢ ሦስት ሌሊት አንስቻለሁ። የመጀመሪያው ሌሊት ሙሉ በሙሉ ተበላ። 40 ደቂቃ ከፍቼ ልዘጋ ስሄድ የሌንሱ ፊት እንደ ቀዘቀዘ ጠርሙስ ጉም ለብሷል። በማግስቱ አክስቴ ለወገቧ የምታሞቀውን ጨው ካልሲ ውስጥ ጨምራ ሰጠችኝና ሌንሱ ዙሪያ አሰርኩት። ሠራ። ሲቀዘቅዝ መቀየር ነው እንጂ።

አሁን ወደ እጥበቱ። እዚህ ሰፈሬ ያለ ፎቶ ቤት ነበር ያንን ጥቅል የሰጠሁት። ስመለስ ልጁ ፖስታውን እያወዛወዘ «ይቅርታ፣ ባዶ ነው» አለኝ። ብርሃን ላይ ይዤ ሳየው ባዶ አልነበረም፣ ጭረት የመሰሉ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ነበሩበት፤ ኮከቦቼ። ችግሩ ግን ማሽኑ የፍሬሙ ዳር የት እንደሆነ ጠፍቶት በግምት ቆርጦታል። ኦሪዮን ወገቡ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ልጁ ላይ አልፈርድም፣ ጥቁር ሰማይ ኔጋቲቭ (ጥቁሩና ነጩ ተገላብጦ የሚታይበት የታጠበ ፊልም) ላይ ባዶ ፊልም ነው የሚመስለው። ከዚያ ወዲህ የጥቅሉን የመጀመሪያ ፍሬም በቀን ብርሃን፣ አጥር ይሁን ግድግዳ፣ አነሳለሁ። ማሽኑ ከዚያ ይቆጥራል። ፖስታው ላይም «አትቁረጡ» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ።

የአንቺ ግን ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ራስሽ እጠቢው። ጨለማ ክፍል አያስፈልግም። የፊልም ማጠቢያ ታንክና ብርሃን የማያስገባ ከረጢት ይበቃሻል፣ ኬሚካሉን አክስትሽ በዱቄት ትላክልሽ። በአይዲ-11 (ፊልም የሚያወጣው ኬሚካል) ሳይቀጠን፣ 20 ዲግሪ ላይ፣ ለኤችፒ5 የሚሰጠው ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው። እኔ ፊልሙ በ800 ፍጥነት ሲነሳ የሚሰጠውን አሥር ደቂቃ ተኩል ነው የምሰጠው፣ ኮከቡ ይወፍርልኛል። ግሬይኑም (የፊልሙ ቅንጣት) ይጨምራል፣ ግን ሰማይ ላይ ብዙ አያስጠላም።

መጨረሻ ላይ የቧንቧ ውሃ እንዳለበት አታድርቂው። ጠብታው ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ክብ ስካን ላይ ኔቡላ (የሰማይ ጋዝ ደመና) ይመስላል፤ አንድ ጓደኛዬ አንዱን እውነት መስሎት በካርታ ሲፈልገው አምሽቷል። ጋራዥ ሰፈር የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ግዢ፣ አሲዱን ሳይሆን ንጹሁን ውሃ፣ በሱ አለቅልቂና ስቀዪው። አቧራም እንደዚሁ ነው። ኔጋቲቭ ላይ የተቀመጠ ብናኝ ሲገለበጥ ነጭ ነጥብ ይሆናል፣ ከኮከብ መለየት መከራ ነው። እዚህ ሰረዝ ማንሳትሽ ይጠቅምሻል፦ ከሰሜን ኮከብ በቀር ሰረዝ ያልሆነ ነጥብ ሁሉ አቧራ ነው፣ አጥፊው። በሶፍትዌር «አቧራ አጥፋ» የሚለውን ግን አትንኪ፣ አጫጭሮቹን ኮከቦችም አብሮ ይበላቸዋል። ስካን ስታደርጊ ሰማዩን ድቅድቅ አታድርጊው፣ ትንሽ ግራጫ ይቅርለት።

ፍኖተ ሐሊብ አይቀርብኝም ካልሽ ለየካቲት አናጢ ጋ ሂጂ። ሁለት ጣውላ በበር ማጠፊያ ይያያዝልሽ፣ ከማጠፊያው 22.9 ሳንቲ ሜትር ላይ በአንድ ዙር 1 ሚሊ የሚገፋ ባለ 6 ሚሊ ቡሎን ይግባ። ማጠፊያውን ወደ ሰሜን ኮከብ ታነጣጥሪና በየ15 ሰከንዱ ቡሎኑን ሩብ ዙር ታዞሪያለሽ፣ ላዩ ላይ የተቀመጠው ካሜራ ሰማዩን ይከተላል። እኛ አገር ማጠፊያው ሊተኛ ምንም አይቀረው፣ ፈረንጆቹ ያወጡትን ሥዕል እንዳለ ብትገለብጪ አይሠራም።

አክስትሽን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ ፊልሙ በምን መጣ? የተጫነ ሻንጣ ውስጥ ከነበረ የዚያ ኤክስሬይ ከባድ ስለሆነ አንዱን ጥቅል ቀን ላይ አንስተሽ ቀድመሽ እጠቢው፣ ጉም ካለበት ይታይሻል። የሰፈሩን ጥበቃዎችም በቀን ሄደሽ ተዋወቂያቸው። እኔን አንድ ሌሊት ትራይፖዱን አይተው «መሬት እየለካህ ነው?» ብለው ግማሽ ሰዓት አቁመውኛል፣ ሻተሩ ክፍት እንደሆነ።